ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የቀረው ማዘርቦርድ

ባለፈው ሳምንት ሀደራ ውስጥ ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር የሚገኘውን የእናቴን ዕቃ ቤት ሳጸዳ የድሮ ደብተሬን አገኘሁ። ሽፋኑን ውኃ ነክቶት ተጣሟል፤ ውስጡ ግን ይነበባል። እያንዳንዱ ገጽ የአንድ ማዘርቦርድ፣ የአንድ ኮምፒውተር ዋና ሰሌዳ፣ ነው። ያን ጊዜ ከጦር ሠራዊት ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ቀን ቀን በአንድ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ እሞላለሁ፣ ከዚያ በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ ሰዎች ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ የተዉትን አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሜ እያመጣሁ እፈታለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። ያየሁትን ሁሉ መጻፍ ነበር ትምህርቴ፤ ምን ዓይነት ፕሮሰሰር እንደሚቀበል፣ ስንት የሜሞሪ ማስገቢያ እንዳለው፣ ጃምፐር የሚባለው ትንሽ መሰኪያ የት ላይ እንደተሰካ።

ደብተሩን ቆሜ ሳገላብጥ አንዱ ገጽ ላይ እጄ ቆመ። እንዲህ ይላል፦ «የሜሞሪ ማስገቢያ ሦስት፤ የተያዘው አንድ ብቻ። የዲስክ ገመድ መሰኪያ ሁለት። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ካሉት ካፓሲተሮች ሁለቱ ማበጥ ጀምረዋል። የዲሊት ቁልፍ ያጣብቃል። ሰዓት፦ የተሳሳተ። ተስተካክሏል።» የመጨረሻዋን ቃል ሁለት ጊዜ አስምሬባታለሁ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ጽፌአለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያሳፈረኝ ግን የለም።

ጊዜው የመጀመሪያው ዝናብ የጣለበት ሰሞን ነበር። ሀደራ ውስጥ ከዚያ ዝናብ በኋላ ባሉት ቀናት የባሕር ዛፉ ቅጠል አስፋልቱ ላይ ተለጥፎ ይሸታል፤ ጧት ጧት ከምዕራብ በኩል የባቡሩ ድምፅ ከወትሮው ቀርቦ ይሰማል። የብርቱካን ለቀማም የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጋሼ ተገኝ ብርቱካን በሚታሸግበት ቤት ይሠሩ ስለነበር እስከ ጸደዩ የፔሳሕ በዓል ድረስ ደረጃው ሁሉ ብርቱካን ብርቱካን ይል ነበር። ማን እንደወጣና ማን እንደወረደ ሳታይ በአፍንጫህ ታውቃለህ።

አንድ ሐሙስ ደረጃው ላይ አስቆሙኝ።

«አንተ የማሕሼቭ ሐኪም፣ ሰላም ነህ ወይ?» አሉኝ። ኮምፒውተርን ሁላችንም በዕብራይስጡ ማሕሼቭ ነበር የምንለው። «ቤታችን አንድ በሽተኛ አለ። ሪና ቅበሩት ትላለች። እኔ ደግሞ ሐኪም ሳያየው አይቀበርም ብያታለሁ። ነገ ጧት መጥተህ መርምረህ ቃልህን ስጠን።»

በሽተኛውን አውቀው ነበር። የልጃቸው የብርሃኑ ኮምፒውተር ነው። ብርሃኑ ክፍል በክፍል ገዝቶ፣ ራሱ ገጣጥሞ፣ እኛን የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ያሳየን ዕቃ ነበር። እሱ ግን ቤቱን ከለቀቀ ከዓመት በላይ ሆኖታል። የጀመረውን ኮሌጅ አቋርጦ ሩቅ ደቡብ ኤላት ከተማ ሆቴል ውስጥ ለመሥራት ሲሄድ አባቱ በር ላይ ቆመው፣ «ትምህርትህን ሳትጨርስ ደጄን እንዳትረግጥ» ብለውታል። ይህን የሰማሁት ከማንም አይደለም። ደረጃው ላይ ሆኜ በጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ ሕንፃው በሙሉ ሰምቶታል።

ዓርብ ጧት ስገባ ባለቤታቸው እማማ ዘሪቱ የሰንበት ዳቦ ምድጃ ውስጥ አስገብተው ቤቱ ሞቋል። ትልቋ ልጃቸው ሪና ከምትኖርበት ከናታንያ መጥታ አዲስ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች።

«ዲ፣ አባ! ዜ ግሩታ!» አለች፣ በቃ ይሄ ቁራሊዮ ነው ማለቷ ነው። «አዲስ ነገር አምጥቼላችሁ፣ ይሄ ቆርቆሮ ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ያደርግላችኋል?»

«ሐኪሙ ይናገር» አሉ ጋሼ ተገኝ። «አንቺን የጠየቀሽ የለም።»

«ሐኪሙ እኮ አይናገርም። ከመጣ ቃል ተንፍሷል?»

እውነቷን ነበር። ሽፋኑን ፈትቼ ጎንበስ ብያለሁ። አቧራውን በቀለም ብሩሽ አነሣሁ፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትንንሽ ካፓሲተሮች አናታቸውን አንድ በአንድ በጣቴ ጫፍ ዳሰስሁ፤ የጃምፐሮቹን አሰካክ ሰሌዳው ላይ ከታተመው ሠንጠረዥ ጋር አመሳከርሁ። ብርሃኑ ሁሉንም በሥርዓቱ ነበር ያስቀመጠው። ገመዶቹን እንኳ በቀጭን ክር አስሯቸዋል። የሰው ሥራ ስታይ ሰውየውን ያየህ ያህል ነው፤ ከኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ብርሃኑ ቀና ብሎ የሚያየኝ መሰለኝ።

ጋሼ ተገኝ ከኋላዬ ቆመው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ እንደ ሳንቲም ክብ ወደ ሆነችው ባትሪ እየጠቆሙ፣ «ይቺ ስንት ዓመት ትኖራለች?» አሉኝ።

«አራት፣ አምስት። አንዳንዴም ከዚያ በላይ።»

«ስትሞትስ? ሰዓቱ አብሮ ይሞታል?»

«ይሞታል።»

 ጥያቄው ገርሞኝ ነበር፤ ሰው ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ሲጠይቅ ስለ ፍጥነቱ እንጂ ስለ ሰዓቱ አይጠይቅም። ወዲያው እማማ ዘሪቱ ከባዱን የዳቦ መጋገሪያ ከምድጃው እንዲያወጡላቸው ጠርተዋቸው ሄዱ፤ ሪናም ተከተለቻቸው። እኔ ኮምፒውተሩን አስነሥቼ ዲሊት ቁልፏን ተጫንሁ። ቁልፏ ጣቴን ያዝ አደረገችኝና ለቀቀችኝ። ሰማያዊው የቅንብር ገጽ ተከፈተ።

ቀኑን አነበብሁ። ቀን ዐሥራ ስድስት፣ ወር ሦስት ይላል። ያን ዕለት ግን ኖቬምበር ሃያ አምስት ነበር። ዓመቱ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ፣ ሰዓቱም አምስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ባትሪ ሲሞት ሰዓት ፋብሪካው ወደ ሰጠው የመጀመሪያ ቀን ይመለሳል እንጂ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አይቆምም። ይህን በደንብ አውቅ ነበር። ግን የተሳሳተ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን፣ ሰዓቱን እስከ ሴኮንዱ ድረስ ከእጅ ሰዓቴ ጋር አስተካክዬ አስቀመጥሁና በደብተሬ ላይ ያችን ቃል ጻፍሁ። ለማንም አልተናገርሁም። እንደ ስጦታ ነበር የቆጠርሁት።

«ሜሞሪ ይጨመርለት፤ እሑድ ይዤ እመጣለሁ» ብቻ ብዬ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦና አራት ብርቱካን ተሸክሜ ወረድሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ዝናብ ነበር። እማማ ዘሪቱ ከሥራ ገብተው ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል።

«ደህና ነዎት፣ እማማ?»

«ብርሃኑ ተቀየመኝ» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

አልገባኝም። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ፤ ቀስ እያሉ ነገሩኝ።

«ይህን ሰዓት የሠራልኝ እሱ ነው። እህቴ ጎንደር ቀርታ የለም? በየወሩ መባቻ፣ ጧት በአራት ሰዓት፣ ስልክ ቤት ቆማ ትጠብቀኛለች። እዚህ አገር ቀኑም ሰዓቱም ሌላ ሆኖብኝ ሁለቴ አሳለፍኋት። ብርሃኑ ታዲያ የእሷን ቀንና የእሷን ሰዓት እዚህ ጥግ ላይ አስቀመጠልኝ። የኛ ወር ሠላሳ ነው፤ የማሕሼቩ ወር ግን አንዴ ሠላሳ አንድ፣ አንዴ ሃያ ስምንት። ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር ሰው ካላስተካከለው ይዛነፋል። አባቱ ካባረረው ወዲህም አልተወኝም። ቁልፍ አለው። እኛ ሥራ ስንወጣ ገብቶ አስተካክሎልኝ ይሄዳል። እሱን አላየውም፤ ሰዓቱን ግን አያለሁ።» ስክሪኑን በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉት። «ዛሬ ብከፍተው የፈረንጅ ሆኗል። ትናንት ጸሎት ቤት ሳለን ገብቶ አበላሽቶት ሄደ። ምን በደልሁት?»

ዐሥራ ስድስት፣ ወር ሦስት። ኅዳር ዐሥራ ስድስት። አምስቱም ሰዓት ልክ ነበር፤ አገር ቤት ሰዓቱ ከእኛ በስድስት ያነሰ ነው የሚቆጠረው፣ በክረምት ደግሞ ጎንደር በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። 

«እማማ» አልሁ። «እኔ ነኝ። ዓርብ ዕለት የተበላሸ መስሎኝ እኔ ነኝ የቀየርሁት።»

ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ትከሻዬን በመዳፋቸው መቱኝ፤ ደግመውም መቱኝ፤ እየሳቁና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«አንተ ነህ? አንተ ዝምተኛ፣ አንተ መዓት! አፍ የለህም? እንኳን አንተ ሆንህ! በል መልሰው። ሻይ ላፍላልህ፣ መልሰው።»

እሳቸው ወጥ ቤት ሲገቡ እኔ ሰማያዊውን ገጽ ከፈትሁ። ተቻኩዬ ዓመቱን ማውረድ ሲገባኝ ከፍ አደረግሁት፤ ስመልሰው አሳለፍሁት። ያን ጊዜ ከኋላዬ ብርቱካን ሸተተኝ።

«ከላይ ያለችውን ነው» አለ ዝቅ ያለ ድምፅ። «በቀኝ ጥግ ሁለት ረጃጅም ቁልፎች አሉ አይደል? የላይኛዋን አንዴ ንካ። ረጋ ብለህ። ከያዝሃት ትሮጣለች።»

ጋሼ ተገኝ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። የፈረንጅ ፊደል አያነቡም። ላፕቶፑን ሪና ስታሳያቸው እንኳ በጣታቸው አልነኩትም። አሁን ግን ዓይናቸውን ከእጄ ላይ ሳይነቅሉ፣ «አሁን ወደ ጎን፣ ወደ ወሩ። ሦስት። አሁን ቀኑ። ዐሥራ ስምንት» እያሉ መሩኝ። የመጨረሻውን አልጠበቁም፤ በላዬ ጎንበስ ብለው መዝጊያዋን ቁልፍ ራሳቸው ተጫኑ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም ወደ ወጥ ቤቱ አንዴ አይተው ከደረት ኪሳቸው አንድ የተጣጠፈ ቁራጭ አወጡ። ከብርቱካን ካርቶን የተቀደደ ነው። ላዩ ላይ በእርሳስ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተሥለው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ተቆጥረዋል። የመጀመሪያው ዲሊት ነበር።

«እሱ ሲሠራ ከኋላው ቆሜ አየው ነበር። ስክሪኑን አይደለም፣ እጁን» አሉኝ። «ከሄደ በኋላ ወሩ ሲያልቅ ሰዓቱ ተዛነፈ። እሷ ምንም አላለችም። ቁጭ ብላ ታየዋለች ብቻ። አልቻልሁም።»

«የሚመጣው እሱ ይመስላቸዋል።»

«ይምሰላት። ለእሷ ልጇ ይመጣላታል።» ካርቶኑን አጥፈው መለሱት። «ለሪናም ቃልህን ስጣት። ላፕቶፑ ሰዓቱን ራሱ ነው የሚያስተካክለው፣ ሰው አያስጠጋም። አንተን የጠራሁህ ዝምተኛ ስለሆንህ ነው፤ እወቅ።»

ሻዩ መጣ። ሦስታችንም ጠጣን። እማማ ዘሪቱ የስክሪኑን ጥግ አዩና፣ «ተመለሰ» አሉ። ጋሼ ተገኝ፣ «ምኑ?» አሉ። እማማ ስኳሩን ገፋ አደረጉላቸው።

በማግስቱ ለሪና ስልክ ደወልሁላት። ያየሁትን ሁሉ ነገርኋት፤ ያበጡትን ሁለት ካፓሲተሮች እንኳ አልደበቅሁም። «ቀርፋፋ ነው፣ ለኢንተርኔት አይሆንም። ለሚፈልጉት ነገር ግን ከላፕቶፑ ይሻላል» አልኋት። ለምን ብትለኝ፣ «ሰዓቱን ራሱ ማስተካከል ስለማይችል» አልሁ። «አታ ሎ ኖርማሊ» ብላ ሳቀችብኝ፤ ጤነኛ አይደለህም ማለቷ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ከቦታው አልተነሣም። ካፓሲተሮቹን ቀየርሁ፤ ባትሪውንም አዲስ አደረግሁና ሦስት መለዋወጫ ለጋሼ ተገኝ ሰጠኋቸው።

ብርሃኑ የመጣው በተከታዩ ፔሳሕ ዋዜማ ነው። ማን እንደጠራው አላውቅም። ጋሼ ተገኝ የነገሩኝ ከወራት በኋላ ናሓል ሀደራ ወንዝ ዳር ስንሄድ ነው። ልጁ ገብቶ እናቱን ከሳመ በኋላ መጀመሪያ ያደረገው ኮምፒውተሩን መክፈት ነበር። ቀኑን አይቶ፣ «ማነው የሚያስተካክለው?» አለ።

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ቁጭ በልና ብላ አልሁት።»

ጋሼ ተገኝ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ደብተሩን ባገኘሁ ማግስት፣ ከሥራ ስመለስ ከሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ ቀጥታ ወደ እማማ ዘሪቱ ቤት ሄድሁ። እህታቸው ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ መጥተው አብረዋቸው ይኖራሉ። ለሁለቱም ገጹን አነበብሁላቸው፤ ለመሳቅ ብዬ ነበር።

«ያችን ስለ ቁልፏ የጻፍሃትን ድገማት» አሉኝ እማማ ዘሪቱ።

«የዲሊት ቁልፍ ያጣብቃል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ብርሃኑ ብርቱካን አፉ አያስገባም። ከልጅነቱ። የተገኝ እጅ ግን ታጥቦም የብርቱካኑ ሙጫ አይለቀውም ነበር።»

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አጠፍሁት።

«አንተ ሰዓቱን የለወጥህብኝ ቀን ያለቀስሁት ለብርሃኑ መሰለህ? ብርሃኑማ ኤላት እንደነበር አውቃለሁ። ተገኝ በቃኝ አለ ብዬ ነው። ያን ሰዓት እስካስተካከለ ድረስ በልጄ ላይ በሩን አልዘጋበትም ማለት ነው። ይህን እንዴት ብዬ ላንተ እነግርሃለሁ?» «ዓርብ ዓርብ ቤቱን ሳጸዳ የማሕሼቩን ቁልፎች ሁሉ እወለውላለሁ። ያችን አንዷን ግን አልነካትም ነበር።»

ዛሬም አሮጌ ማዘርቦርድ እጄ ሲገባ እንደ ድሮው አንድ በአንድ እመረምራለሁ። ሰዓቱ የተሳሳተ ሲሆን ግን እጄን ሰብስቤ መጀመሪያ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። ያን ቀን ከእማማ ዘሪቱ ቤት ስወርድ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ደብተሩን አወጣሁ። «ተስተካክሏል» የምትለውን ቃል መሰረዝ ፈልጌ ነበር፤ ተውኋት። ከሥሯ ግን በሌላ ቀለም «ትክክል ነበር» ብዬ ጻፍሁ።