አንበሳ ገዳዩ አባባ ገብሬ ሲፎክሩ

የሰፈራችን አባባ ገብሬ በአገራቸው አንበሳ በጦር ገድለው፣ ጅራቱን ለሙሽራቸው ያበረከቱ ጀግና ናቸው። ያገራቸው ጎረምሶች ዛሬም እሳቸውን ለመምሰል ጦር ይዘው ጫካ ይገባሉ። እኔ ደግሞ እዚያ አንበሳ እንዳይገደል የሚጠብቁትን የመንደሩን ሰዎች በፈቃደኝነት አግዛለሁ። ስለዚህ «አትግደሉ» የሚል ቃላቸውን በስልኬ ልቀርጽ እዚሁ ቀራንዮ ቤታቸው ሄድኩ። ጥያቄዎቼን በመንገድ ላይ አራት ጊዜ አነበብኳቸው።

«ጎረምሳ ምክር አይሰማም፤ ፉከራ ነው የሚሰማው!» ብለው ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን ጥለው ከዘራቸውን እንደ ጦር ሰበቁ። እኔም ደስታው ገፍቶኝ ቆሜ እቀርጻለሁ።

«ዘራፍ! ዘራፍ!» አሉና ድንገት ከዘራቸውን ዝቅ አድርገው ፉከራውን አቋረጡት። ምን አጠፋሁ ብዬ ደነገጥኩ።

ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። «ምነው አንተ ሰውዬ፣ ፉከራው ጠፋህ እንዴ?»

«በፉከራ አይዋሽም» አሉ አባባ። «ልጄ፣ በደንብ ቅረጽ!» ከዚያ ቤቱን አናጉት፦

«ዘራፍ! ሞቶ ያገኘሁት! ዘራፍ! ሬሳ የወጋሁት!»

ስልኩ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ባለቤታቸው ግን በሳቅ ፈረሱ።

«አርባ ዓመት ሙሉ መቼ ይነግረኝ ይሆን ስል! ያ ጅራት እኮ ሲሰጠኝ ያኔውኑ ሸቶ ነበር!»