ለምርቃት የመጣ ውኃ

ጭሮ ውኃ መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተቀበለኝ የክፍል ኃላፊ ደብዳቤዬን አነበበና "ጸሐፊ አልጠየቅንም ነበር እኮ" አለኝ። የቧንቧና የፓምፕ ባለሙያ መሆኔን ነገርኩት። ደብዳቤውን እንደገና አነበበው። ከሰዓት በኋላ የቧንቧ መፍቻ ሰጠኝና መናኸሪያው አጠገብ ወደ ፈነዳ መስመር ላከኝ። ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ መገጣጠሚያውን ስፈታ፣ የተሰበሰበው ሰው ከቧንቧው ይልቅ እኔን ነበር የሚያየው። መስመሩን ገጥሜ ስጨርስ አንድ ሽማግሌ "ወላሂ፣ ሠራችው" አሉ። ኃላፊው ግን በማግስቱም ደብዳቤ እንድተይብለት ጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ያልሄድኩበት የለም። በደሳ ጄኔሬተር ጠግኛለሁ፤ መቻራ ከጉድጓድ ፓምፕ አውጥቻለሁ። ጫት የጫነ መኪና የሚበርበት መንገድ ላይ የእኛ ፒክአፕ ለምን ሁልጊዜ እንደሚቆም እስከ ዛሬ አልገባኝም። ተወልጄ ያደግሁት አሰላ ቢሆንም በኦሮምኛ አፌን የፈታሁት እዚህ፣ ቦኖ ላይ በሚነሳ ጠብ ነው። አስተካክዬ የተናገርኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "ቢሻን ሂን ጂሩ" የሚል ነበር፤ ውኃ የለም።

በኋላ የቴክኒክ ቡድን መሪ ሆንኩ። ብዙ አለቆች ቡድን መሪ ማለት ከላይ የመጣውን ቁጣ ተቀብሎ ወደ ታች የሚያወርድ ሰው ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ በሥሬ የነበሩት ጀማል የሚባል የፓምፕ ኦፕሬተርና ሁለት የቧንቧ ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ቁጣ የሚወርድባቸው ሰዎች አልነበሩም።

ስሟን በማልጠራት አንዲት ትንሽ ከተማ አዲስ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ። የፓምፕ ሙከራውን የሠራነው እኛ ነን። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ጉድጓዱ ለታችኛው ሰፈር በፈረቃ ያደርሳል፣ ከመስጊዱ በላይ ላለው ሰፈር ግን አይበቃም። ፓምፑን ሳያሳርፉ ቢያሠሩት ውኃው ይሸሽና ፓምፑ ይቃጠላል። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ደረጀ ነገርኩት። "ገባኝ" አለ። ደግሜ ነገርኩት። "ገባኝ አልኩሽ እኮ" አለ። ከዚያ የምርቃቱ ቀን ተቆረጠና ከተማው ሁሉ ውኃ እንደሚያገኝ በድምፅ ማጉያ ተነገረ።

አቶ ደረጀ ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያናድደውም ይኼ ነው፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀልል ነበር። ቢሮው አስጠራኝና ከጭሮ ቦቴ ውኃ እንደሚመጣ፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ እንደሚገለበጥ፣ በምርቃቱ ዕለት የሁሉም ሰፈር ቦኖ እንደሚከፈት አስረዳኝ።

"በማግስቱስ?" አልኩት።

"በማግስቱ እንግዶቹ ይሄዳሉ።"

ይህን ሲል ድምፁ እንኳ አልተለወጠም። እንደማላደርገው ነገርኩት። አንድ ቀን ብቻ እንደሆነ፣ ነገር እንደማከብድ፣ ከላይ ያሉት እሱንም እንደያዙት ዘረዘረልኝ። የያዙት እነማን እንደሆኑ ብጠይቀው ጣራውን አሳየኝ።

ከዚያ ስልኬ ማረፊያ አጣ። የማላውቀው ሰው ሁሉ ደውሎ ስለ ከተማዋ ገጽታ ይመክረኝ ጀመር። በመጨረሻ አቶ ደረጀ የከተማዋን ሽማግሌ ሐጂ ኡመርን ላከብኝ። ሐጂ ፓምፕ ቤቱ ድረስ በእግራቸው መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እንግዳ ፊት እንዳላሳፍራቸው ለመኑኝ። የሙከራውን ውጤት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ልጄ፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ከመስጊዱ በላይ ውኃ ይኖራል?"

"አይኖርም፣ ሐጂ።"

"ይህንን አልነገረኝም" አሉና ተነሥተው ሄዱ።

ሠራተኞቼን ሰበሰብኩ። ማጠራቀሚያው ውስጥ የቦቴ ውኃ እንደማይገባ፣ ለላይኛው ሰፈር ቫልቭም እንደማይከፈት ነገርኳቸው።

"አዴ ሰናይት፣ እኔ ልጆች አሉኝ" አለ ጀማል። "አቶ ደረጀ መጥቶ ክፈት ቢለኝ እንዴት ብዬ እንቢ እላለሁ?"

ትክክል ነበር። "አንተ እንቢ አትበል" አልኩት። "ሰናይት ከልክላኛለች፣ የቫልቩን ቁልፍም ወስዳብኛለች በል። አሁን ቁልፉን ስጠኝ።" ከኪሱ አውጥቶ የሰጠኝበት ፍጥነት ትንሽ አናደደኝ። ግን አልፈረድኩበትም።

የምርቃቱ ዋዜማ ቦቴው መጣ። ሾፌሩ ምሳ አልበላም፤ ሳይመሽ ጭሮ መመለስ ይፈልጋል፤ ስለ ምርቃት የሚያውቀው ነገር የለም። "እመቤት፣ የት ልገልብጠው?" ብቻ ነው የሚለው። በዚያው ሰዓት የላይኛው ሰፈር ሴቶች ጀሪካን በአህያ ጭነው ወደ ወንዝ ይወርዱ ነበር። ዘይነባ የምትባል ጠንካራ ሴት ቆም አለችና የማን ውኃ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

"ለነገው በዓል ማጠራቀሚያው እንዲሞላ ከጭሮ የመጣ ነው" አልኳት።

"ከበዓሉ በኋላስ?"

"ወደ እናንተ አይመጣም። ጉድጓዱ አይችልም። ሌላ ካልተቆፈረ ለእናንተ ውኃ የለም።"

ለሌሎቹ በኦሮምኛ ነገረቻቸው። የጠበቅሁት ምስጋና ከነበረ አላገኘሁም። መሥሪያ ቤቱን ሰደቡ፣ መንግሥትን ሰደቡ፣ ተራው ሲደርስ እኔንም ሰደቡ። እኔም ሾፌሩን ወደ ሰፈራቸው ውጣና ለሰዉ አድል አልኩት። የከተማው ውኃ ነው ተብሎ ነው የመጣው፤ ከተማው ደግሞ እነሱ ናቸው። ወዲያው ለአቶ ደረጀ ደወልኩና ያደረግሁትን ራሴ ነገርኩት። ከሌላ ሰው እንዲሰማ አልፈለግሁም። ብዙ ጮኸ። ጩኸቱን ሲጨርስ ስልኩን ዘጋው።

በማግስቱ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሪባኑ ተወጥሮ፣ ዋናው እንግዳ፣ "ከላይ" የተባሉት ባለሥልጣን፣ መጡ። ጀማል ፓምፑን አስነሣ፤ የታችኛው ሰፈር ቦኖ ንጹህ ውኃ ሰጠ። እንግዳው ቀመሱና "ለሁሉም ይደርሳል?" ብለው ጠየቁ። ሐጂ ኡመር ዞር ብለው አዩኝ።

"ለታችኛው ሰፈር በፈረቃ ያደርሳል" አልኩ። "ለላይኛው ሌላ ጉድጓድ ያስፈልጋል።"

እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይኼም ትንሽ ነገር አይደለም። ለሌላው ጉድጓድ ጥያቄ አቅርቡ እንግዲህ" አሉ። ከዚያ ፎቶ ተነሡና ምሳው የት እንደሆነ ጠየቁ።

በቃ፤ ያ ሁሉ ስልክ፣ ያ ሁሉ ጩኸት፣ ከጭሮ ድረስ የተነዳው ቦቴ፣ ማንም ላልጠየቀው ውሸት ነበር። ከአቶ ደረጀ ትእዛዝ በላይ ያበሳጨኝ ይህ ነው። ለእንግዳው አንድ ጊዜ እንኳ ደፍሮ እውነቱን የነገራቸው አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን ፍርሃት "ከላይ" እያለ ይጠራው ነበር።

ይህን ተከራክሬ ያተረፍኩት የለም። ብዙም ሳይቆይ "ለሥራው መቃናት" ተብሎ ወደ መቻራ ተዛወርኩ። ሁለተኛው ጉድጓድ እስኪቆፈር የላይኛው ሰፈር ሴቶች ወንዝ ሲወርዱ ከረሙ። ሲመረቅም የጠራኝ የለም። ጀማል ግን አልፎ አልፎ ይደውልልኝ ነበር። ስለ ፈረቃ ሰዉ አሁንም እንደሚጨቃጨቀው፣ ግን "ነገ ከሰዓት ውኃ ይመጣል" ሲላቸው ቃሉን አምነው ጀሪካናቸውን በነገታው እንደሚያሰልፉ ነገረኝ። አንድ ክረምት ፓምፑ ተበላሽቶ "አላውቅም፣ ዕቃ እየጠበቅን ነው" ሲላቸው እንኳ ፓምፕ ቤቱን የደበደበ ሰው አልነበረም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ቡድን የሚመሩ ወጣቶች ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህን ነው። የማታደርጉትን ነገር ግፊቱ ሳይመጣ ለሠራተኞቻችሁ ንገሯቸው። ግፊቱ ሲመጣ እንቢታው በእናንተ ስም ይሁን። ልጆች ያሉትን ኦፕሬተር ከሥራ አስኪያጅ ጋር አፋጥጦ ከኋላ መቆም መሪነት አይደለም።