የአከራይ ምስክርነት

በጋይንት፣ በንፋስ መውጫ ከተማ አንድ ነርስ አለ፤ ከትሕትናው ብዛት ለአህያ እንኳ «እለፊ እቴ» ብሎ መንገድ ይለቃል። ዛሬ ግን ወረቀት ይዞ በአከራዩ በእማማ ሰዒዳ ሱቅ በር ላይ ላብ አጥምቆታል። የሥራ ቪዛው መጥቷል። በሚሄድበት አገር ክፍል የሚያከራየው ሰው ግን «ሲለቅ አስቀድሞ የሚናገር ተከራይ ነው» የሚል የአከራይ ምስክርነት ጠየቀው፤ እሱ ደግሞ መሄዱን ለእማማ ገና አልነገራቸውም።

እማማ መነጽራቸውን እንኳ ሳይፈልጉ ፈረሙ።

«ምን ይላል ልጄ?»

«ጥሩ ተከራይ መሆኔን...»

«እሱንማ ጋይንት በሙሉ ያውቀዋል! ይልቅ ስታገባ እንዳይጠብብህ ክፍልህን ላሰፋልህ ነው፤ ግንበኛው ነገ ይመጣል።»

ነርሱ «አይድከሙ» ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን «እድሜ ይስጥልኝ» ነበር። በማግስቱ ከጤና ጣቢያው ፈቃድ ጠይቆ፣ እሱ ለማይኖርበት ክፍል ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሲያቀብል ዋለ።