ከባሕር ያመጣሁት መታወቂያ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። እውነቱን ከወንድሜ በቀር ማንም ሳያውቀው ቆይቷል። ዘንድሮ ግን የሟቹ አባት ቤቴ ድረስ መጥተው ከሄዱ በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ ከበደኝ። የሰዎቹን ስም ቀይሬ እጽፈዋለሁ።

መሐል ሜዳ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ባሕር እንስሳት ስንት ዓመት ሳስተምር ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ታላቅ ወንድሜ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ደወለና ጭነት እስኪደርሰው ጅቡቲ ወደብ ወረፋ ላይ ስለሆነ እንድመጣ፣ ባሕሩንም እንደሚያሳየኝ ነገረኝ። በዚያ ወቅት ሰው የማይነኩ ግዙፍ ሻርኮች ወደ ዳርቻው ይጠጋሉ። ቱሪስቶችም በጀልባ እየሄዱ ያዩአቸዋል። ወንድሜ አንድ ጅቡቲያዊ የጀልባ ነጂ ያውቅ ስለነበር ከአምስት የውጭ አገር ሰዎች ጋር ተሳፈርን። ነጂው አማርኛ ይሞክራል።

ባሕሩ ጠዋት ጸጥ ያለ ነበር። መጀመሪያ ዶልፊኖች ከጎናችን እየዘለሉ ሸኙን። ከዚያ ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ በርዝመት ከጀልባችን የማያንስ ሻርክ ቀስ ብሎ ከሥራችን አለፈ። እንደ ሕፃን ነው የሆንኩት። ወንድሜ በስልኩ እየቀረጸኝ ይስቅ ነበር።

ሌላ እየፈለግን ሳለ አንዲት ተሳፋሪ በእጇ ጠቆመች። ጥቁር ነገር ከውሃው በላይ ብቅ ብሏል። እኔም ሻርክ መስሎኝ ብድግ አልኩ። ስንጠጋ አየር የነፋው ጃኬት ነው። ጃኬቱ ውስጥ ሰው አለ፤ በፊቱ ተደፍቷል።

ነጂው ሞተሩን አጠፋ። ብዙም አልደነገጠም። ወደ የመን የሚሻገሩ ስደተኞች ሲሰምጡ አንዳንዴ እንዲህ እንደሚያገኝ ለወንድሜ ነገረው። በረጅም እንጨት ወደ ጀልባው ሲስበው አስከሬኑ ተገለበጠ። ፊቱን አየሁት። ዓሦች ቀድመውን ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አለ። ከማተቡ ጋር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ታስሯል። ነጂው በቢላዋ ቆረጠና ፈትቶ አየው፤ ወዲያው ለእኔ ሰጠኝ።

«የእናንተ ፊደል ነው፤ አንብበው» አለኝ።

የቀበሌ መታወቂያ ነበር። ሲሳይ ጥላዬ፣ ሃያ አንድ ዓመት፣ ዘመሮ። ዘመሮ ከእኔ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ዘመድ አለኝ፣ ገበያውንም አውቀዋለሁ።

አስከሬኑን እናውጣው አልኩ። ነጂው ለባሕር ጠባቂዎች ሲደውል እንመጣለን አሉት። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ ማንም አልመጣም። ነፋሱ እየበረታ ሄደ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ታለቅሳለች፣ ሌላዋ ታስመልሳለች። ነጂው ቦታ እንደሌለው፣ ይዞት ቢገባ ደግሞ ለቀናት አስረው እንደሚመረምሩት ተናገረ። ወንድሜ በሰው አገር ነገር እንዳላመጣ ፈርቶ ክንዴን ያዘኝ። እኔም ዝም አልኩ። ነጂው እንጨቱን ሰብስቦ ሞተሩን አስነሳ። ዞር ብዬ ሳይ ጃኬቱ ከማዕበሉ ጋር ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

ጠባቂዎቹ ያንሡት አያንሡት አላወቅንም። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ሄዶ ቢጠይቅም የሚነግረው አላገኘም።

መርዶ በስልክ የሚነገር አልመስል ብሎኝ ዘመሮ ሄድኩ። የቤተሰቡን የንስሐ አባት አፈላልጌ መሞቱን ብቻ ነገርኳቸው። እሳቸው ሽማግሌዎች አስጠሩና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አብረን ገባን። አባትየው አቶ ጥላዬ በጎቻቸውን ከጋጣ ሊያስወጡ ተነሥተው ነበር። ደላላው ልጃቸው በሰላም ተሻግሯል ብሏቸው ስለነበር አላመኑንም። መታወቂያውን ሳወጣ እናቱ እትዬ አስካለ ፎቶውን አይተው ወደቁ።

ልቅሶው ጋብ ሲል እትዬ አስካለ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ልጄ አፈር ለብሷል?» አሉኝ።

ቤት ሙሉ ሰው እኔን ያያል።

«አዎ እማማ። ካህን ነበረ። ፍትሐት ተደርጎለት ነው የተቀበረው» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው እጄን ሳሙት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መታሰቢያውን ሲያደርጉ ይጠሩኛል። እትዬ አስካለ ከካህኑ ጎን ያስቀምጡኝና ለእንግዳው ሁሉ ልጄን የቀበረልኝ እሱ ነው ይላሉ። ብቀር ይከፋቸዋል፤ ስሄድ ደግሞ እህሉ አይወርድልኝም።

ዘንድሮ በገና ሰሞን አቶ ጥላዬ መሐል ሜዳ መጡ። ከካፖርታቸው ኪስ ራሳቸው ለፓስፖርት የተነሡትን ፎቶዎች አወጡ። የልጃቸውን አጽም አምጥተው በደብራቸው ሊያሳርፉ ቆርጠዋል። መቃብሩን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ።

ማለፊያ አጣሁ። የሆነውን እንዳለ ነገርኳቸው፤ ጀልባውንም፣ ነጂውንም፣ ዝም ማለቴንም። ፊቱን ብቻ ተውኩ።

አልጮኹም፣ አልረገሙኝም። ፎቶዎቹን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

«ለእናቱ አትንገራት» አሉኝ።

ከወር በኋላ መታሰቢያው ደረሰና ሄድኩ። እትዬ አስካለ እንደ ወትሮው ለአንድ ከሩቅ ለመጣ ዘመድ ስለ እኔ ሲናገሩ አቶ ጥላዬ ጠላ እየቀዱ ነበር። ሰውዬው ወደ እሳቸው ዞር ሲል «አዎ፣ እሱ ነው» አሉ። ወደ እኔ ግን አላዩም።

አሁን ውሸቱን ሁለት ሆነን ተሸክመነዋል። ያ ግማሽ ሰዓት ግን የእኔ ብቻ ነው። ጀልባው ላይ ቦታ ነበረ። እግሬን ሰብሰብ ባደርግ ይበቃው ነበር።