አልማዝ ባለጭራ እና የፍስሃ ቡጢ

ወንድሜ ፍስሃ ሰው መምታት የጀመረው የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ነው። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም፤ አፍንጮ በር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በቡጢ ያልደረሰበትን በቴስታ፣ በቴስታ ያልደረሰበትን በካልቾ ይደርስበታል። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የታክሲ ተራ ያስከብር በነበረ ጊዜ፣ ወረፋ ያቋረጠ ሾፌር በመስኮት ጎትቶ አውጥቶ አስፋልት ላይ ሲያንከባልል በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱን ረዳት ደግሞ በድንጋይ መንጋጋውን ብሎት ጥርሱን አራገፈው፤ ልጁ እየተንበረከከ ጥርሱን ከአቧራው ውስጥ ሲለቅም ሰው ቆሞ ያያል። ለዚያ ሲታሰር ጣቢያ ምሳ ያመላለስኩለት እኔ ነኝ። ሰሃኑን እያቀበልኩ እረግመዋለሁ፣ እሱ ወጡ ጨው አንሶታል ይለኛል።

እኔንም አንዴ መታኝ፣ በጥፊ። አጠገቤ ዘነዘና ነበር፤ አነሳሁና ግንባሩን አልኩት። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፤ ሰው ሲጠይቀው ከመኪና ወድቄ ነው ይላል። ከዚያ ወዲህ እጁን ሰንዝሮብኝ አያውቅም። ሚስቱ ማክዳ ግን ዘነዘና የምታነሳ ሴት አልነበረችም። ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ እሱ ደግሞ ቀስ የሚል ሰው ያናድደዋል። በመጨረሻ መንጋጋዋን ሰበረው። ከሆስፒታል ስትወጣ ልጇን ሔርሜላን ይዛ አምስት ኪሎ እናቷ ቤት ገባች፤ በዚያው ቀረች። ደግ አደረገች። ሻንጣዋን የተሸከምኩላት እኔ ራሴ ነኝ።

ሔርሜላ አደገች፣ ተማረች፣ አገባች፣ ወለደች፤ ይህ ሁሉ ሲሆን የአባቷን ዓይን አላየችም። ሊያ የምትባል የልጅ ልጅ እንዳለችው የሰማው ከእኔ አፍ ነው። አምና ማክዳ ስታርፍ ለቅሶ ሄደ፤ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ማንንም ሳያናግር ቁጭ አለ። ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ማንም አያናግረውም። በኋላ ሔርሜላ መጥታ ፊቱ ቆመችና፣ «ስለመጡ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

እርስዎ አለችው፣ አባቷን። ትከሻው ላይ ወጥታ ጆሮውን እየጎተተች «አንተ፣ አንተ ሰውዬ» ስትለው ያደገች ልጅ። ማታ ቤት ስንገባ ፍስሃ ስለ ማክዳ አንዲት ቃል አላወራም፤ «የሺ፣ እርስዎ አለችኝ እኮ» ብቻ አለ።

«ታዲያ ምን ልትልህ ነበር፣ የኔ ጌታ?» አልኩት። ያን ቀን አላዘንኩለትም።

ከፋሲካ በኋላ ጎኔን ያቃጥለኛል ማለት ጀመረ። ሸሚዙን ገልጬ ሳይ፣ ከጀርባው ተነስቶ ከቀበቶው በላይ ወደ ሆዱ የሚዞር፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ። ወዲያው አወቅሁት፤ አልማዝ ባለጭራ ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለችው ረሂማ «ወንድምሽ እንዴት ነው፣ ጠፋ?» ስትለኝ፣ «አልማዝ ይዛው ነው» አልኳት። «በስተርጅና? ማናት ደግሞ እሱን የቻለች?» አለች። ነገሩ ሲገባት አብረን ሳቅን። ፍስሃ ግን ሳቅ ላይ አልነበረም። የሸሚዙ ጨርቅ ሲነካው ይጮሃል፤ ሌሊት ትራሱን ይነክሳል። ስንቱን ያንበረከከ ሰው አንሶላ አንበረከከው። አንድ ቀን ቅባት ስቀባው እጄ ጠንከር ቢልበት ቡጢው ሳያስበው ተወርውሮ ቁም ሳጥኑን በሳው። «ዘነዘናው አሁንም አለ» አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እሱ ይቅርታ ሲጠይቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እናንተ ወጣቶች አታውቁትም እንጂ በእኛ ጊዜ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው አለቀለት ነው። ኤድስ አለበት ይባላል፣ ብርጭቆው ይለያል፣ ልጆቹን የሚያገባቸው ይጠፋል። ሐኪሟ መርምራው ነፃ ነህ ብላዋለች፤ በልጅነቱ የወጣበት ጉድፍ ገላው ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ነው አለች። መድኃኒቱን ዋጠ፣ ቁስሉ ደረቀ፣ ቅርፊቱም ረገፈ። «ከእንግዲህ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሕመሙ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል» አለችን። ዳነ፣ ግን ጎኑ አልዳነም።

ሔርሜላ የደወለችው በዚህ መሃል ነው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለያዘው ሰማሁ። «ቅዳሜ ሊያን ይዤ ክሩዝ እሄዳለሁ፣ ከፈለጉ ይምጡ» አለችው። ወንድሜ ክሩዝ ሲባል ላንድክሩዘር መስሎት፣ «መኪና ገዛችሁ እንዴ?» አለ። የጀልባ ሽርሽር ነው፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ አሁን ባቱ የሚሉት፤ ደሴቶቹን ዞሮ፣ ምሳ በልቶ መመለስ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ልንገርዎት። ልጄ ሰው ሲመታ አይታ አታውቅም። አንድ ጊዜ እጅዎ ከተነሳ፣ በማንም ላይ ይሁን፣ ከዚያ በኋላ እኛን አያዩንም።»

«አይነሳም» አላት።

ስልኩን ሲዘጋ፣ «መታመምህን ንገራት» አልኩት። ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። «ዕድሜዋን ሙሉ ሸሽታኝ አሁን ብትመጣ፣ ልጄን አልማዝ ባለጭራ ያለበት ሰው አጠገብ አላስቀምጥም ትበል? አንቺ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትይ» አለኝ። ጅል ነው። እሺ ያልኩት እኔ ደግሞ ከእሱ የባስኩ ጅል።

ቅዳሜ ሔርሜላ መኪናዋን ይዛ አፍንጮ በር መጣች። ባሏ ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ስለነበር አራታችን ብቻ ነን። ሊያ የአምስት ዓመት ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም። ፍስሃን ገና እንዳየችው «ግንባርህን ማን መታህ?» አለችው። እኔ ልመልስ ስል በክርኑ ጎሸመኝ። ከሞጆ አልፈን መንገዱ መኪናዋን ሲያንገጫግጫት ጥርሱን ነክሶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «አልማዝ ዛሬ ጨክናብኛለች» አለኝ።

ሔርሜላ ሰማች። በመስታወቱ አየችው። «አልማዝ ማናት?»

አየሁት፣ ንገራት ብዬ። «የሰፈር ሴት ናት» አለ። «ትንሽ አኩርፋኝ ነው።»

በመስታወቱ ዓይኗ ጠበበ። የምታስበው ገባኝ፤ ደግሞ ሌላ ሴት፣ ደግሞ ሌላ መንጋጋ። ከዚያ እስከ ሐይቁ ድረስ አላናገረችውም። ወንድሜ በሽተኛ ከመባል ሴት አውል መባልን መረጠ። ጉድ ነው።

ጀልባዋ ጣሪያ ያላት፣ ዳርና ዳሯ የብረት ቋሚ የተተከለባት፣ ሃያ ሰው የምትይዝ ናት። ሁላችንንም ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለበሱን። የፍስሃን ጃኬት የጀልባዋ ረዳት በማሰሪያው ጎትቶ ሲያጠብቅበት ፊቱ አመድ ሆነ። ከእኛ ኋላ ገና ከጠዋቱ የጠጡ ጎረምሶች ነበሩ። አንደኛው እየተንገዳገደ ሲያልፍ የፍስሃን እግር ረገጠው። ይቅርታ እንደማለት ዞሮ፣ «ፋዘር፣ እግርህን ሰብሰብ አድርጋ» አለና ጉንጩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ እንደ ሕፃን። ጓደኞቹ ሳቁ።

እኔ ተነሳሁ። ጫማዬን አውልቄያለሁ፤ ያንን ጎረምሳ በተረከዙ አናቱን ልለው ነው። ፍስሃ ግን አልተነሳም። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል፤ ቡጢው ሲጨበጥ አየሁት። ከዚያ ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር አስገባና ተቀመጠባቸው። «ቁጭ በይ፣ የሺ» አለኝ። ጎረምሳው ደግሞ አንዴ ጉንጩን ነክቶት ሄደ። በዚህ ዕድሜዬ ወንድሜን እንደዚያ አይቼው አላውቅም፤ ማልቀስ ነው ያማረኝ።

ሔርሜላም አይታለች። ትንሽ ቆይታ ምሳ እቃዋን ከፈተችና ሳንዱች አውጥታ ዘረጋችለት። «አባዬ፣ ትበላለህ?»

ትበላለህ አለችው። ሳታስበው ነው ያመለጣት፣ ወይም አስባው ነው፤ እኔ እንጃ። ፍስሃ እጁን ከጭኑ ሥር አውጥቶ ተቀበላት። ሳንዱቹን ይዞ ብዙ ጊዜ ሳይጎርሰው ቆየ። ሊያ መጥታ ጭኑ ላይ በቀኝ በኩል ተቀመጠች፣ ጉማሬ አሳየኝ አለችው፣ ውሃው ላይ የታየውን ሁሉ ጉማሬ ነው አላት። እኔም ስጋቴን ትቼ ንፋሱን መቀበል ጀመርኩ።

ስንመለስ ፀሐዩ ከረረ። ፍስሃ የሕመም ማስታገሻውን በስርቆሽ ዋጠና ጀርባውን ለብረቱ ቋሚ ሰጥቶ እንቅልፍ ወሰደው። ሔርሜላ ከጀልባዋ ሌላ ጫፍ ፎቶ ታነሳለች። ሊያ ከእሷ ተላቃ፣ ድምፅ እንዳታሰማ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ በግራው በኩል ስትመጣ አየኋት። ልታስደነግጠው ነው። «ሊያ፣ ተይ» ልል አፌን ከፈትኩ። በሁለት እጇ ጎኑን ጭምቅ አድርጋ አቀፈችው።

ያወጣውን ድምፅ የሰው ነው አልልም። ዓይኑ ገና ሳይገለጥ ቡጢው ተወረወረ፤ ያ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ የማውቀው፣ ከትከሻ የሚነሳው ቡጢ። ልክ ያኔ ጀልባዋ ማዕበል ረግጣ ዘመመች። ሊያ ተንሸራትታ በቂጧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ቡጢውም ጭንቅላቷ ከነበረበት አልፎ ከእሷ ኋላ ያለውን የብረት ቋሚ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ደሙ በብርቱካንማው ጃኬት ላይ ተረጨ።

ሔርሜላ በጩኸቱ ዞራ ነበር። የእሱን ክንድ አየር ላይ ስታይ ምን አደረገች መሰላችሁ? ከእሱ በዚያ ሁሉ ርቀት ሆና፣ ትልቅ ሴት፣ የልጅ እናት፣ ክንዷን አነሳችና ፊቷን ሸፈነች። ማክዳ እንዲህ ነበር የምታደርገው። ሊያ ከወለሉ እናቷን ቀና ብላ አየች፤ ምን እንደሆነ ሳይገባት እሷም ክንዷን ፊቷ ላይ አደረገች። ፍስሃ ሁለቱንም አየ።

እኔ መለፍለፍ ጀመርኩ። «አልማዝ ሴት አይደለችም፣ ሕመም ናት፣ አልማዝ ባለጭራ፣ ጎኑን ተመልከቺ» እያልኩ ጃኬቱን ፈትቼ ሸሚዙን ገለጥኩት። ቀዩ ጠባሳ ከጀርባ እስከ ሆዱ ታየ። ሔርሜላ ልጇን አንስታ አቅፋ፣ ጠባሳውን አየች፣ የተሰነጠቀውን እጁን አየች። ቀስ ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። የአንገት ልብሷን ፈትታ እጁን ጠቀለለችለት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። እንባዋ እየወረደ ነው። «እንደዚህ ታመህ… ይዘኸዋል እኮ፣ አባዬ። አየሁህ። ቡጢህን ወደ ብረቱ አዞርከው። በገዛ እጅህ ላይ ጨከንክ።»

እኔ ቅርብ ነበርኩ። ማንም ምንም እንዳላዞረ አይቻለሁ። ጀልባዋ ባትዘም የልጅቷ አንገት ነበር የሚሰበረው። ግን ዝም አልኩ፤ ዛሬም ቢሆን ዝም እል ነበር። ከመቀመጫው ሥር እግሩን ረገጥኩት፣ አፍህን ዝጋ ብዬ። አባዬ ብላዋለች፣ እጁን ይዛለች፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ፍስሃ ከተጠቀለለው እጁ ቀና አለ።

«አላዞርኩትም፣ ሔርሜላ» አላት። «ለልጅቷ የተወረወረ ነበር። ጀልባዋ ናት ያተረፈቻት።»

እጁን ለቀቀችው። ሊያን አንስታ ጀልባዋ ጫፍ፣ ጎረምሶቹ አጠገብ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ምድሩ ገና ሩቅ ነበር።

ሰደብኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። «ምን አለ ዝም ብትል? ምን አለ አንድ ቀን አፍህን ብትይዝ?»

ደሙ በአንገት ልብሱ አልፎ ጭኑ ላይ ይንጠባጠባል። እሱ ልጅቷን ነበር የሚያየው።

«ዝም ብል» አለኝ፣ «አንድ ቀን እኔ ጋ ትታት ሥራ ትሄድ ነበር።»