እንዳይረጥብ የተባለ ጀርባ

በደርግ ጊዜ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ውስጥ ከአንዲት ያገሬ ልጅ ጋር በአንድ ክፍል እኖር ነበር። እኔ ዌስትላንድስ ባለ ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ፤ እሷ ጊጊሪ ለሚኖሩ ፈረንጆች ታበስላለች። በዕድሜ ስለምበልጣት እትዬ ትለኛለች።

አንድ ሰሞን እጆቿ ውሃ እየቋጠሩ ይላላጡ ጀመር። አሠሪዋ አየችና፣ "እስከ ዓርብ ድረስ የማይተላለፍ መሆኑን የሐኪም ወረቀት ካላመጣሽ ወጥ ቤቴ አትገቢም" አለቻት።

እንግሊዝኛ ስለማትችል ላስተረጉምላት አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ እጇን አገላብጦ አየና፣ "የምትነካው ነገር አልስማማት ብሎ ይመስለኛል፤ ሳልመረምር ግን አልጽፍም" አለ። ሰው የማይስማማውን የሳሙና፣ የጎማና የሽቶ ዓይነት ቅንጣት ቅንጣት እያደረገ በትንንሽ ፕላስተር ጀርባዋ ላይ በረድፍ ለጠፈ፤ ዳር ዳሩንም በቀለም ምልክት አደረገበት። ከሁለት ቀን በኋላ ሲነሳ፣ ከሥሩ የቀላው ቦታ ጥፋተኛውን ይናገራል። "እስከዚያ ጠብታ ውሃ እንዳይነካው" አለ። አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኳት።

ቤት ገብተን ጀርባዋን በመስታወት ስታይ፣ "እትዬ፣ ቴምብር በቴምብር አደረገኝ እኮ! በቃ፣ ሞያሌ ሳልንገላታ እናቴ ጋ በፖስታ መግባቴ ነው" ብላ አሳቀችኝ።

በማግስቱ ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው እጅ አንድ ጠርሙስ ጸበል ደረሰኝ። ስንት ጊዜ የጠበቅኩት ነው።

"ነይ ልርጭሽ" አልኳት።

"ሐኪሙስ፣ ውሃ እንዳይነካሽ ብሎ የለ?"

"ጸበል ውሃ ነው እንዴ?"

ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ ተንበረከከች። በስመ አብ ብዬ ጀመርኩ፤ እረጫለሁ ያልኩት ማጥመቅ ሆነ። ፕላስተሮቹ ተንሸራተቱ፣ ቀለሙ ታጥቦ ወረደ። በፎጣ ብጫን ብጫን፣ የትኛው የት እንደነበረ ጠፋብኝ።

ሐኪሙ ገና እንዳየው፣ "ረጥቧል" አለ ወደ እኔ ዞሮ።

ከፊቱ ገባት መሰለኝ፣ "እትዬ፣ ጸበል ነው በይው። እሱም ሰው ነው፣ ይገባዋል" አለችኝ።

እኔ ግን በተማረ ሰው ፊት አፈርኩ። "ትእዛዙን ረስታ ገላዋን ታጠበች" አልኩት በእንግሊዝኛ።

ራሱን ነቀነቀ። "ካልታዘዘች ምን እጽፍላታለሁ? ቆዳዋ ይረፍ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ትምጣ።"

"ምን አለ?"

"ከሦስት ሳምንት በኋላ ነይ አለሽ።"

"ስለ ጸበሉስ?"

"ምንም አላለም።"

ይኸኛው እንኳ ውሸት አልነበረም።

ዓርብ ያለ ወረቀት ሄዳ ልብሷን በፌስታል ይዛ ተመለሰች። ሁለተኛው ምርመራ ላይ ጎማው የነበረበት ቦታ እንደ ፍም ቀላ። ለካ አሠሪዋ የሰጠቻት የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ኖሯል፤ ቢወልቅ የሚያበቃ ነገር። በቦታዋ ግን ሌላ ሴት ገብታ ነበር።

ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ክንዴን ይዛ፣ "አንቺ ባትኖሪልኝ ማን ይናገርልኝ ነበር?" አለችኝ።

ለበዓል ለመጡ ቄስ ጸበሉን ተናዘዝኩ። "በእምነት ያደረግሽው ነው" ብለው አጽናኑኝ። ታጠበች ማለቴን አልነገርኳቸውም፤ ለእሷም እስከ ዛሬ አልነገርኩም። ከጠርሙሱ የተረፈውን ጸበል ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ልቀምስ አነሳና፣ መልሼ አስቀምጠው ነበር።