ፍየል የሰጠሁበት ክታብ

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ መጻፍ የሚወድ ወንድ ልጅ ፈቂ ይሆናል፣ ክታብ ይጽፋል፣ ሲያድለውም ለሼኹ ደብዳቤ ያዘጋጃል። ሴት ልጅ እናት ነው የምትሆነው፤ ጽፋ ምን ልትሆን ነው?»

ይህን ብለው ከትምህርት ያሰናበቱኝ ቁርዓን ያስተማሩኝ ፈቂ ናቸው። እጅ ጽሑፌ ያምራል ብለው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጸሎት በወረቀት ሲያስገለብጡኝ ከርመዋል። በየገጹ ጥግ ትንሽ የቀርከሃ ቅጠል ስለምሥል ጆሮዬን ይቆነጥጡኝ ነበር።

ዘንድሮ ሕፃኗ ልጄ በትኩሳት ስትነድብኝ ፍየሌን እየጎተትኩ ሆሞሻ ድረስ ሄድኩላቸው።

«ይኸው እናት ሆንሽ! አላልኩሽም?» አሉኝ። ቀለምም ብዕርም አልነኩም። ከሣጥናቸው በቆዳ የተሰፋ ክታብ አወጡና፣ «ሦስት ቀን ጾሜ የጻፍኩት ነው። እንዳትከፍቺው፣ ይረክሳል!» ብለው ፍየሏን አሰሩ።

ከልጄ አንገት ላይ አሰርኩላት፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደ። እኔማ ቃላቸውን ፈርቼ አልከፈትኩትም። ጥርስ እያበቀለች ያለችው ልጄ ግን ፈቂ አትፈራም፤ የቆዳውን ስፌት አኝካ ፈታችው።

ወረቀቱ ወጣ። ጽሑፉ የእኔ የልጅነት እጅ ነበር፤ ጥጉ ላይም ያቺው የቀርከሃ ቅጠል።

ለካ ያ ሁሉ የሆሞሻ ሰው በየአንገቱ አንጠልጥሎ የሚዞረው የእኔን ጽሑፍ ኖሯል! ጾሙን የጾሙት ግን እሳቸው ናቸው፤ ፍየሉንም የሚበሉት እሳቸው።

ወረቀቱን መልሼ ሰፋሁት። ከዚያ ከአጥራችን አንድ ቀጭን ቀርከሃ መዘዝኩና ጫፉን ለብዕር መቅረጽ ጀመርኩ።